ቃታው ገና ነው

ጋሽ ሰይድ ማረፉን የሰማሁት ኦሃዮ፣ ካናል ዊንቸስተር፣ የምሠራበት መጋዘን ውስጥ፣ ሳጥን እያሸግኩ ሳለ ነው። አብሮኝ የሚሠራው ግርማ ከወዲያኛው መስመር ስልኩን እንደያዘ መጣና «ደምሴ፣ ጋሽ ሰይድ አርፏል» አለኝ። ግርማ ነገር ማለዘብ አያውቅበትም። የያዝኩትን ሳጥን አሽጌ ጨረስኩ፤ ሌላ ሳብኩና እሱንም አሸግኩ። ሦስተኛው ላይ እጄ እምቢ አለኝ።

ሰው ሲሞት ደግ ነበር ይባላል። ጋሽ ሰይድ ደግ ነበር፤ ግን ነገረኛም ነበር፤ ይህን የማይጨምር ሰው አያውቀውም ማለት ነው። እዚያው መጋዘን ውስጥ ሜንቴናንስ ነበር። ሳጥን የሚያመላልሰው ኮንቬየር ቆሞ ሱፐርቫይዘሩ ከኋላው ሲንቆራጠጥበት፣ ካቻቢቴውን መሬት ላይ አስቀምጦ ሰውየው እስኪሄድ ድረስ መነጽሩን ይጠርግ ነበር። መነጽሩን አንገቱ ላይ የሚያስርበት ክር የጫማ ክር ነው፤ ያውም ነጭና ጥቁር ሁለት የተለያየ ክር ተቀጥሎ። ብሎን ሲፈታ ከንፈሩ ላይ ይይዛል። በዚያ ሰዓት ብትጠይቀው በአፍንጫው ነው የሚመልስልህ።

ኮምቦልቻ ተወልዶ፣ አገር ቤት ጦር ሠራዊት ውስጥ የመሣሪያ ጠጋኝ ሆኖ ነው የኖረው። ግማሽ ዕድሜዬን የሰው ጠመንጃ ስጠግን ኖሬ አንድ ጊዜ እንኳ ሰው ላይ አልተኮስኩም ይል ነበር። ይህን ሲናገር አይኮራም፤ ገርሞት ነው የሚናገረው። ኮሎምበስ ከመጣ በኋላም እጁ ከብረት አልተለየም። ቅዳሜ ከሰዓት አንድ ትንሽ የጠመንጃ ሱቅ ውስጥ ይጠግናል፤ ብሌንደን ታውንሺፕ ያለው ቤቱ ጋራዥ ውስጥም ብረት የሚያጣብቅበት ሞርሳና መሥሪያ ጠረጴዛ ነበረው። መኪናው ውጭ ነው የምታድረው፤ በረዶ ሲጥል እትዬ ዘሀራ፣ ባለቤቱ፣ መስታወቱን እየፋቀች ታማርራለች።

መጀመሪያ ስንተዋወቅ አንቱ አልኩት። እጁን አወናጨፈ።

«አንቱ አትበለኝ። አንቱ ስትለኝ ከኋላዬ ሌላ ሰው የቆመ ይመስለኛል።»

ከዚያ ወዲህ አንተ ነው። እትዬ ዘሀራን ግን ዛሬም አንቱ ነው የምላቸው። ከላይ «ታማርራለች» ያልኩት የጋሽ ሰይድን አነጋገር ለምዶብኝ ነው፤ ይቅር ይበሉኝ።

ኦሃዮ ውስጥ የአጋዘን አደን ሲከፈት ግማሹ መጋዘን ይታመማል። ፈረንጆቹ ሲክ ኮል አድርገው፣ አሞናል ብለው ደውለው፣ ጫካ ይገባሉ። በእኛም ሰዎች ዘንድ አደኑ እየተጋባ መጣ፤ ምሳ ሰዓት ላይ ጋሽ ሰይድን ከበው ይሄ ጠመንጃ ይሻላል፣ ያኛው ይሻላል ይከራከራሉ። አንድ መስከረም ላይ እኔም ሌሎቹ እስኪነሱ ጠብቄ አጠገቡ ተቀመጥኩ።

እዚህ ላይ ውሸቴን ልናገር። ጠመንጃ የፈለግኩት ለአጋዘን አልነበረም። ለራሴ ነበር። ባለቤቴ ጥላኝ ከሄደች ወራት አልፈው ነበር፤ ቤቴ ውስጥ የቀረው ፍራሽና ቴሌቪዥን ነው፤ ስልክ ማንሳት ትቼ ነበር። ሥራ እገባለሁ፣ ሳጥን አሽጋለሁ፣ እወጣለሁ። መኖር ሰልችቶኝ ነበር። ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም፤ ለጋሽ ሰይድም ቢሆን።

«ጋሼ፣ ጠመንጃ ልገዛ ነው» አልኩት። «ለጀማሪ የቱ ይሻላል?»

«ለምንህ?»

«ለአጋዘን።»

እንጀራውን እየጠቀለለ አየኝ። «ከማን ጋር ነው የምትወጣው?»

«ብቻዬን።»

«ላይሰንስ አወጣህ?»

«አወጣለሁ።»

«ኦሬንጁ የአዳኝ ሰደርያስ?»

«እገዛለሁ።»

«ፍሪዘር አለህ?»

ይህን አልጠበቅኩም። «ፍሪዘር ምን ያደርጋል?»

«አንድ አጋዘን ስንት ሥጋ እንደሚወጣው ታውቃለህ? የት ልታደርገው ነው? ማን ሊበላልህ ነው?»

ቀጥሎ አልጠየቀኝም። ፊት ለፊቴ ያለውን ጠረጴዛ አየ፤ ምሳ አልያዝኩም ነበር፤ ትናንትም አልያዝኩም። የጠቀለለውን እንጀራ አፌ ላይ ደቀነብኝ። ሰው እያየን ነው፤ አፍሬ ጎረስኩ።

«አትግዛ» አለኝ። «አንተ ገጣጥም።»

«እኔ? ብሎን መፍታት አላውቅም እኮ!»

«ለዚያ ነው። የተገዛ ጠመንጃ አያውቅህም። እኔ ጋ አንድ አሮጌ የጠመንጃ አካል አለ፤ በስሜ ነው። ሰደፍ እንሠራለታለን፣ አፈሙዝ እናለብሰዋለን። ሲያልቅ በሱቁ በኩል በሥርዓት ወደ ስምህ ይዛወራል። ቅዳሜ በአራት ሰዓት ጋራዥ ና።»

እንዴት እሺ እንዳልኩት አላውቅም። ምናልባት በዚያ ወቅት የትም ና የሚለኝ ሰው ስላልነበረ ይሆናል።

ቅዳሜ ጠዋት በሦስት ሰዓት ተኩል ደወለ። «ተነስተሃል?» ይኸው ነበር ጥያቄው፤ ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ሙሉ ቅዳሜ ቅዳሜ ያችው አንዲት ቃል። ተነስቻለሁ ካልኩት ይዘጋዋል። ደህና ዋል እንኳ የለም።

ጋራዡ ውስጥ አንድ ወፍራም የዋልነት እንጨት ሰጠኝ፤ ሰደፍ እንዲሆን በማሽን ተቆርጦ ቅርጽ ብቻ የያዘ። ብርጭቆ ወረቀት ሰጠኝ። «ፈግፍግ» አለኝ። ሦስት ቅዳሜ ፈገፈግኩ። አራተኛው ቅዳሜ ላይ ለሰለሰ ብዬ ሳሳየው ዓይኑን ጨፍኖ በአውራ ጣቱ ዳበሰውና «ገና ነው» አለ። ቀጠን ያለ ብርጭቆ ወረቀት ሰጠኝ። ከዚያ የተልባ ዘይት መቀባት መጣ። አንድ እጅ ይቀባል፣ ሳምንት ይደርቃል፣ ይፈገፈጋል፣ ደግሞ ይቀባል። እንጨቱ ዘይት ጠጥቶ እስኪጠግብ ነው ይላል። መቼ ነው የሚጠግበው ስለው፣ «እምቢ ሲልህ ታውቀዋለህ» አለኝ። ያ እንጨት ግን የሚጠግብ አልነበረም።

የሚያስቀው ነገር፣ ሰደፉን መሣሪያ ከሚቆልፍበት ካዝና አውጥቶ በሰጠኝ ቁጥር «ጎርሷል?» ብሎ ይጠይቀኛል። ጥይት የገባበት ጠመንጃ ጎርሷል ይባላል።

«ጋሼ፣ እንጨት ነው እኮ!»

«እንጨትም ቢሆን። ጎርሷል ብለህ ያዘው። ዓይንህን አትመን፤ አፈሙዙን ወደ ሰው አታዙር። ወደ ራስህም። አንተም ሰው ነህ።»

ይህን ሲለኝ ፊቱን ወደ ሞርሳው አዙሮ ነበር። እኔ የተለመደ የጥንቃቄ ትምህርት መስሎኝ አለፍኩት።

መሣሪያው ከዚያ ጋራዥ ወጥቶ አያውቅም። ዕቃ ይበታተናል እያለ እያንዳንዱን ነገር ካዝናው ውስጥ ይቆልፍበታል። አካሉ አለ፣ አፈሙዙ ተገጠመ፣ ምላጩ ተገጠመ። የጎደለው ቃታው ነበር። ሰዉ ምላጩን ቃታ ይለዋል፤ ጋሽ ሰይድ በዚህ ነገር ይቆጣ ነበር። «ምላጭ በጣት የሚሳበው ነው። ቃታ ይሄኛው፣ ጥይቱን ገፍቶ የሚያጎርሰው» ይላል። በእሱ ቋንቋ ቃታ ማለት ፈረንጆቹ ቦልት የሚሉት ብረት ነው፤ እሱ የሌለው ጠመንጃ ዱላ ነው። ገና በጀመርን ሰሞን ኦርደር አድርጌልሃለሁ ብሎኝ ነበር። ኋላ ባክ ኦርደር ሆነብኝ፣ ዕቃው አልቆ ተራ ጠብቁ ተባልን አለኝ።

ታኅሣሥ ላይ ትዕግሥቴ አለቀ። በቴክስት «ጋሼ ቃታው መቼ ነው የሚደርሰው?» ብዬ ጻፍኩለት። አንዲት ቃል መለሰልኝ፤ «ገና»።

ይህች ቃል ስትነገር ሁለት ናት፣ ስትጻፍ አንድ። «ና» ከላላች እስካሁን አልደረሰም ማለት ነው፤ ከጠበቀች በዓሉ ነው። እኔ አጥብቄ አነበብኳት። ለገና ይደርሳል ማለቱ ነው ብዬ፣ የገና ዕለት ፈረቃዬን ቀይሬ፣ ብርቱካን ገዝቼ፣ ብሌንደን ታውንሺፕ ሄጄ በሩን አንኳኳሁ።

እትዬ ዘሀራ ከፈቱልኝ። ብርቱካኑን አዩ፣ እኔን አዩ።

«ዛሬ በዓላችሁ አይደል እንዴ? ምን ሆነህ መጣህ?»

«ጋሼ ጠርቶኝ ነው።»

ጋሽ ሰይድ ከውስጥ ወጣ። ስልኬን አውጥቼ አሳየሁት። መነጽሩን አድርጎ አነበበ፤ ደግሞ አነበበ፤ ከዚያ ያ ዝምተኛ ሰውዬ ግድግዳውን ይዞ ሳቀ። እንባው እስኪመጣ ሳቀ።

«ገና ነው አልኩህ እንጂ ለገና ነው አልኩህ? እኔ እስላሙ ሰውዬ በገና ልቀጥርህ?»

አፍሬ ልመለስ ስል እትዬ ዘሀራ ክንዴን ያዙኝ። ብቻህን ልትውል ነበር ወይ አሉኝ። ጫማህን አውልቅ አሉኝ። ማድ ቤት ገብተው ቆሙና አሰቡ፤ የሠሩት ዶሮ ወጥ ነበር፣ ግን የእስላም እርድ ነው። እኔ «እትዬ ግድ የለም፤ ኢስተን ገበያ ማዕከል የምበላውን በርገር ማን እንደባረከው አላውቅም» አልኳቸው። አልተዋጠላቸውም። በበዓልህማ ሃይማኖትህን አላስጥልህም ብለው ከፍሪዘር ዓሣ አወጡ። ዓሣ የሁሉም ነው አሉ። ሦስታችንም የገና ዕለት ዓሣ ስንበላ ዋልን፤ ዶሮውን እነሱም ሳይነኩት ቀረ። ከስንት ጊዜ በኋላ የጠገብኩት ያን ቀን ነው። ስወጣ ጋሽ ሰይድ እየሳቀ «ለከርሞ ገናም ገና ነው!» አለኝ፤ አንዱን አጥብቆ፣ አንዱን አላልቶ። በሚቀጥለው ዓመትም ሳልጠራ ሄድኩ። ዓሣው ተዘጋጅቶ ጠበቀኝ።

አንድ የበጋ ቅዳሜ ደግሞ «ዛሬ ሥራ የለም፣ ሳሩ ላይ ውጣ» አለኝ። ከቤቱ ጀርባ ዛፎች አሉ፤ ከዛፎቹ ሥር አንዲት አጋዘን ከግልገሏ ጋር ቆማ የጎረቤቱን አበባ ትበላለች። ጠዋት ጠዋት እንደምትመጣ ያውቅ ኖሯል። የፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀምጠን አየናት። ግልገሏ እግሯን አንፈራጣ ሳሩ ላይ ትንገዳገዳለች።

«አጋዘን ያልከው ይኸውልህ» አለኝ በሹክሹክታ። «ትተኩሳለህ?»

«አልተኩስም።»

«እንግዲያ ጠመንጃው ለምንህ ነው?»

ያኔ ብነግረው ኖሮ ይሰማኝ ነበር፤ አውቃለሁ። እጁን ትከሻዬ ላይ አድርጎ ነበር የጠየቀኝ።

«አላውቅም» አልኩት።

«አላውቅምም መልስ ነው» አለ። «እስክታውቅ እንሠራለን።»

ከዚያ በኋላ ሕይወቴ ተስተካከለ ብል ይበዛል። ግን አልጋ ገዛሁ። ምሳ መያዝ ጀመርኩ። ዕቃ ማንሻውን ፎርክሊፍት መንዳት ተምሬ ላይሰንስ አወጣሁ፤ ሰው ሲጎድል ብቻ ነው ሳጥን የማሽገው። ስለ ቃታው መጠየቅ መቼ እንደተውኩ እንኳ አላስታውስም። ቅዳሜ የምሄደው ጋሽ ሰይድን ብዬ ነበር፤ እሱ የሱቁን ሥራ እየጠገነ እኔ ካቻቢቴ እያቀበልኩ፣ ሰዉን እያማን።

ልቡ ነው የገደለው። ማክሰኞ ጎሕ ሲቀድ ለሶላት እንደተነሳ። ቅዳሜ ሆኖ ቢሆን በሦስት ሰዓት ተኩል ስልኬ ዝም ሲል አውቀው ነበር።

በማግሥቱ ተቀበረ። ከቀብር መልስ ለቅሶ ቤት ወንዶቹ ጋራዡ ውስጥ ነበር የተቀመጡት። ሞርሳው ላይ ጨርቅ ተጥሎበታል። ወሬው እንደሁልጊዜው ወደ ጠመንጃ ዞረ፤ እሱን ለማንሳት ሌላ መንገድ አልነበረንም። ግርማ ጀመረ።

«እኔ የዛሬ ሦስት ዓመት ልገጣጥም ስለው ሊመታኝ ነበር። ጀማሪ ይገዛል አለኝ። ፋብሪካው ለክቶ፣ ሞክሮ፣ ዋራንቲ ሰጥቶ ያወጣውን ትተህ ጋራዥ ውስጥ ምን ልትሠራ ነው? መጀመሪያ ተኩሰህ ልመድ፤ ምን እንደምትፈልግ ሳታውቅ ምን ትገጥማለህ? አለኝ።»

«እኔንም» አለ ከወዲያ ያለው።

«እኔን ራሱ ሱቅ ወስዶ አስገዝቶኛል» አለ ሌላው። «ለጀማሪ መገጣጠም አይመከርም፣ አበቃ። እሱ ዘንድ ሌላ መልስ የለም።»

እኔ ጀማሪ ነበርኩ። ብሎን መፍታት የማላውቅ ጀማሪ። ለእኔ አትግዛ ነው ያለኝ። ግርማ «ለአንተስ?» ብሎ ሲጠይቀኝ ውኃ ላምጣ ብዬ ተነሳሁ።

ከአርባው በኋላ እትዬ ዘሀራ ደወሉልኝ። ሱቁ ጠመንጃዎቹን ሊረከብ እንደሆነ ነገሩኝ፤ ያ የደከምክበት ሰደፍ ያለው ግን ስምህ ተጽፎበት ለብቻ ተቀምጧል አሉኝ። ሄድኩ። ካዝናው ተከፍቷል። ከታችኛው መደርደሪያ አንዲት ትንሽ የፖስታ ሳጥን አወጡና ሰጡኝ።

«ይሄም የአንተ ነው መሰለኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ አንተ ከመምጣትህ በፊት እያወጣ ያያታል፤ መልሶ ይቆልፍባታል። ምንድን ናት ስለው፣ አደራ ናት ይለኛል።»

ቀለል ያለች አልነበረችም። ቴፑ ተከፍቶ እንደገና ታሽጓል፤ በሥነ ሥርዓት፣ ጠርዙ ተስተካክሎ። እኔ የሳጥን ሰው ነኝ፤ መጀመሪያ የማየው የተለጠፈውን ወረቀት ነው። «ቦልት» ይላል፤ ቃታው ነው። የደረሰበትን ቀን አየሁ። ምሳ ሰዓት ላይ እንጀራ ባጎረሰኝ በሳምንቱ ነው። ባክ ኦርደር የሚባል ነገር አልነበረም። እኔ እንጨት ስፈገፍግ፣ እኔ ብርቱካን ይዤ በር ሳንኳኳ፣ ዓሣ ስንበላ፣ ቃታው እዚያው ቤት ውስጥ ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ አልደረሰም እያለ ዋሸኝ፤ እኔም አጋዘን ብዬ ዋሽቼው ነበር። የእኔን ውሸት በመጀመሪያው ቀን አውቆታል። የእሱን ውሸት እኔ ያወቅኩት ከተቀበረ በኋላ ነው።

ክዳኑ ላይ በእርሳስ ሁለት ቃል ጽፏል። «ደምሴ» ይላል። ከሥሩ «ገና»።

እትዬ ዘሀራ ጎንበስ ብለው አነበቡ። «ለገና ሊሰጥህ አስቦ ነበር እንዴ?» አሉ፤ አጥብቀው።

አይደለም ልላቸው ፈለግኩ። ይላላል እትዬ፣ ይላላል። ግን እንደ ልጅ አለቀስኩ፤ ለቅሶ ቤት ያላለቀስኩትን ሁሉ። እሳቸው ምን እንደሆነ አልገባቸውም፣ ግን አልጠየቁም። ጀርባዬን እየደባበሱ አብረውኝ አለቀሱ። ሳጥኑን ወደ ካዝናው መለስኩ። ጠመንጃውን ከእሱ ጋር አስቀመጥኩ። እዚሁ ይቆይልኝ አልኳቸው፤ እሺ አሉኝ፤ ቁልፉን ቀሚሳቸው ኪስ ከተቱት።

ባለፈው ሰሞን ቴክስት ላኩልኝ። ጋራዡን ሊያጸዱ ነው፤ መኪናዋ በረዶ ሳይጥልባት ልትገባ ነው። «ዕቃህን መቼ ነው የምትወስደው?» ይላል።

ፎርክሊፍቱን አቁሜ ብዙ አሰብኩ። ደህና መሆኔን ልጽፍላቸው አሰብኩ፤ ጋሼ ምን እንዳደረገልኝ ልጽፍላቸው አሰብኩ። ያ በስልክ የሚጻፍ አይደለም። «ገና» ብዬ ላኩላቸው። ይጥበቅ ይላላ እሳቸው እንደወደዱ ያንብቡት ብዬ።

ትንሽ ቆይተው መለሱልኝ።

«እሺ። ዓሣው ለስንት ሰዓት ይድረስልህ?»